ጎርፉ ከደንበኛ ቀድሞ ሱቅ እንዳይገባ

በመገናኛ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ነጋዴ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ዓይኑ ከእንጦጦ አይነቀልም። ከላይ የጣለው ዝናብ፣ ሰፈሩ ሳይዘንብበትም፣ ቁልቁል መውረዱ አይቀርምና።

ጎርፍን ቀድሞ የሚያሳውቀው መሣሪያ አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ተራራው ላይ የሚተከለው የዝናብ መለኪያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባልዲ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በያዘች ቁጥር ትገለበጣለች፤ ግልብጡ ይቆጠራል። ከድልድይ ሥር የሚሰቀለው ሴንሰር ወደ ውኃው ድምፅ ልኮ እስኪመለስ በሚወስደው ጊዜ ከፍታውን ያሰላል። ቁጥሩ በሞባይል ኔትወርክ ኮምፒዩተር ዘንድ ይደርሳል፤ ልኩን ሲያልፍ ሶፍትዌሩ መልእክት ይልካል፣ ሳይረን ያስጮኻል። መብራት በሚጠፋበት ዝናብ የሚሠራው ግን የራሱ ባትሪ ካለው ብቻ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዝናቡ የጣለው በሐረርጌ ደጋ ሲሆን ከተማዋ ተኝታ ነበር።

ከእንጦጦ እስከ መገናኛ መንገዱ አጭር፣ ቁልቁለቱም ኃይለኛ በመሆኑ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ኮምፒዩተርና የሒሳብ መዝገብ ለማንሳት ይበቃ ይሆናል፤ የተቆለለ የስኳር ጆንያ ለማውጣት ግን ያጠራጥራል። የምድር ቤት መጋዘን የሚያከራይ ደላላም ይህን ልዩነት ቢያውቀው አይከፋም። በፌስታል የተደፈነ ቱቦ ውኃውን አስፋልት ላይ ሲያወጣው ደግሞ፣ ከድልድይ ሥር ያለው ሴንሰር ጨርሶ አያየውም።