እየተጻፈ የሚጠፋ ቃል

ሚስተር ግሌን ላይገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ናቸው። በ1990 የመዝጊያ ቁመት ባለው ነጭ ሳንቃ ላይ፥ ወይዘሮ ዞራ ኒል ኸርስተን የተባሉት ደራሲ በ1928 ስለ ጥቁርነታቸው ከጻፉት አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ ከላይ እስከ ታች እየደጋገሙ ጻፉ። የፊደሉ ቅርጽ ተበስቶ በወጣበት ሉህ ላይ ጥቁር የዘይት ቀለም እያሻሹ ሲያትሙ፥ ቀለሙ በሉሁ ጠርዝ እየተጣበቀ ተከታዩን መስመር ያጐድፈዋል። ስለዚህ በላይ በኩል ጥርት ብሎ የሚነበበው ቃል ወደ ታች ሲወርድ ጥላ ብቻ ይሆናል።

እኛም ይህን ስንመለከት፥ ቃሉ የማይነበበው ተናጋሪው ዝም በማለቱ እንዳይደለ እናስተውላለን፤ እርሱስ ደጋግሞ ተናግሯል። በየቤታችንም አንድ ነገር ደጋግሞ የሚነግረን ልጅ ቢኖር፥ ቃሉ ወደ ጥላ ሳይለወጥ በመጀመሪያው መስመር ልናነበው ይገባናል።