ይሉኝታና ወረፋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን የጋምቤላ ተማሪ የሚደበቀው ወዶ ነውን? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት የክልሉ ነዋሪዎች ከመቶ 4.8ቱ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ተገኝቶባቸዋል፤ የመላ ኢትዮጵያ ግን ከመቶ 0.9 ነበር።

ምርመራውም ሆነ የእርግዝና መከላከያው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። እንግዲህ የሚያግደው ዋጋ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በባሮ ዳር ከተማ ደብተሯን ይዛ ወረፋ የቆመች ልጃገረድ ከአክስቷ ወይም ከመምህሯ ጋር ብትገጣጠም፥ ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ ከመድኃኒቱ ጋር የተለየ ክፍል፥ ከትምህርት በኋላ የሚሆን ሰዓት፥ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ የምታነጋግር ምሥጢር ጠባቂ ነርስ አዘጋጁ እንላለን። ተማሪውን «ለምን አልመጣህም?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት፥ ሳያፍር የሚገባበትን በር እንክፈትለት።