መኪናዋ አምራለች፤ ግን ትቆማለች ወይ?

የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር አይደለም። ልብ ማስደንገጡ ግን አይቀርም…

አንድ ወዳጄ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛ። ያቺ ክብ መብራት ያላት፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የሠሯት "40" የምትባለዋ ናት። ታዲያ ምን አደረገ? ቀለም ቀባት፣ ቴፕ አስገባላት፣ ሰፊ ጎማ አደረገላት። ከዚያ "ጋይንት ላሉ ዘመዶቼ ላሳያት" ብሎ እኔንም ይዞኝ ወጣ።

ከወረታ ተነስተን በደብረ ታቦርና በጉና ጥግ አልፈን ንፋስ መውጫ ገባን። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ስም አውጪዋ አልዋሸም! በማግስቱ ወደ ታች ጋይንት አመራን። ስሙ ራሱ "ታች" ነው፤ ቁልቁለቱን እናንተው ገምቱት። ወዳጄ በሦስተኛ ማርሽ እየለቀቀ እግሩን ከፍሬን ላይ አላነሳም። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሸተተን። ቀጥሎ ፔዳሉ ወለል ነካ። ከፊታችን ደግሞ ገበያተኛ ከነአህያው! እንደምንም ማርሽ ቀንሶ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ቢጠመዝዘው መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች አፈር ታክካ ቆመች። ሰው አልተነካም። አንዲት እናት አህያቸውን እየሳቡ "አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?" አሉት። ዛሬም ድረስ መልስ አላገኘላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናዋ የፊት ፍሬን ታምቡሮ ነው። ታምቡሮ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ይሰምጣል። ወንዝ ሲያቋርጥም ውሃ ይይዝና ለጊዜው እምቢ ይላል። ዲስክ ግን ለንፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውሃም ቶሎ ያራግፋል። ቶዮታ ራሱ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የዚህችኑ መኪና ፊት ወደ ዲስክ መቀየር ጀምሯል።

አዲስ አበባ ስንመለስ አንድ ጋራዥ "ዲስክ በግማሽ ቀን እገጥማለሁ" አለን። ሌላ ቦታ ያገኘናቸው አዛውንት መካኒክ ግን መጀመሪያ መኪናዋን በክሪክ አነሱ። ጎማውን ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት "ቋ፣ ቋ" አለ። "ፍሬን ያዝ!" አሉት ወዳጄን። ድምፁ አልጠፋም። "የጎማው ኩሽኔታ ቢሆን ፍሬን ሲያዝ ዝም ይል ነበር። ያለቀው የነክሉ ነው" አሉን።

ነክል መሪ ሲዞር ጎማውን ይዞ የሚዞረው የፊት ጉልበት ነው። የድሮው ነክል ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐር የሚታሰርበት ጆሮ የለውም። ስለዚህ ዲስኩ ከነነክሉ፣ ከኋለኞቹ 40ዎች ወይም ከ60 ላይ ተፈትቶ ይመጣል። "ጆሮውን በብየዳ እንቀጥልለት" የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ!

እኛ ከአዛውንቱ የተማርነውን እናንተም ያዙት።

አንደኛ፣ ነክሉ ሲፈታ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮው አዲስ ይሁን። ከነክሉ ቀጭን ጥቁር ዘይት ከተንጠባጠበ የዲፈረንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል፤ ነገ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ላይና ታች የሚገቡት ስስ ብረቶች ትርፍ ዕቃ አይደሉም። ልካቸው ከተዛባ መሪው ወይ ይከብዳል፣ ወይ ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛ፣ የታምቡሮ ፖምፓ ውስጥ ግፊት የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ ይኖራል። ለፊቱ ዲስክ ካልወጣ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል።

አራተኛ፣ ዲስክ የበለጠ የእግር ጉልበት ስለሚፈልግ ሰርቮ ያስፈልገዋል። እንደ ንፋስ መውጫ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና ሰርቮም ይደክማል፤ ፔዳሉ ጠንከር ይላል።

አምስተኛ፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲይዝ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቀይሩት።

ደግሞም ዲስክ አለኝ ብሎ መብረር የለም። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አገር በጨጨሆ በኩል ነው። ሰባት ቶን ገደማ ብረት ዳገት ላይ መሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ካጣ የጎተተውን ይጨርሳል።

ወዳጄ? ቴፑን ሸጦ ነክል ገዛ። አሁን ያለ ሙዚቃ ይነዳል፤ ግን ይቆማል። ቸር ያሰማን!