የረጋ ደምን ከአንጎል ጎትቶ ማውጣት፦ ከባዱ ነገር መንገዱ ነው

አንድ አባት ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ የሻይ ብርጭቆው ከእጃቸው ይወድቃል። ሊናገሩ ይሞክራሉ፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ከቤተሰቡ ግማሹ “መጋኛ ነው” ይላል፤ ግማሹ “ዐይን ነው” ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። የረጋ ደም ቁራጭ ከልብ ወይም ከአንገት ተነሥቶ አንጎልን የሚመግበውን የደም ሥር ዘግቷል። ስትሮክ የምንለው ሕመም ዋነኛ ዓይነት ይህ ነው። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተመራማሪዎች አስልተዋል።

የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ነገር ግን ትልልቁን ጓል ብዙ ጊዜ አያሸንፈውም። ታዲያ ጎትቶ ማውጣት አይቻልም ወይ? ይቻላል። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በኤክስሬይ እያዩ አንጎል ድረስ መድረስ ነው።

በነገራችን ላይ ካቴተር ለሙስሊሙ ዓለም ሕክምና እንግዳ አይደለም። የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በጻፉት “አት-ተስሪፍ” ውስጥ ወደ ሽንት ፊኛ ስለሚገባ የብር ቱቦ ገልጸዋል። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የረጋ ደም የሚያወጣው ካቴተር ግን የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቶማስ ፎጋርቲ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና ጓንት የጣቱን ጫፍ ቆርጦ፣ ዓሣ ለማጥመድ በለመደው አስተሳሰር በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አሠረው። ቱቦው የረጋውን ደም አልፎ ይሄዳል፤ ፊኛዋ ትነፋለች፤ ከዚያ እየጎተተች ታወጣዋለች። ብዙ እግሮች ከመቆረጥ የዳኑት በዚህ ነው።

የእግር ደም ሥር ግን ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ወደ አንጎል የሚወስደው እንደዚያ አይደለም። ቱቦው መጀመሪያ ከልብ የሚወጣውን ትልቅ ቅስት ዞሮ በአንገት በኩል ይወጣል። የራስ ቅል ግርጌ ላይ ሲደርስ የደም ሥሩ በአጥንት መካከል እንደ እባብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የደም ሥር ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግድግዳውም ስስ ነው። በዚያ ላይ ዕድሜና የደም ግፊት የደም ሥርን ስለሚያስረዝሙት ይበልጥ ይጠማዘዛል። ስትሮክ የሚያጠቃውም በአብዛኛው እነዚህኑ ሰዎች ነው። ሕክምናው በጣም የሚያስፈልገው ሰው መንገዱ በጣም የጠመመበት ሰው ይሆናል ማለት ነው።

እስቲ የተጠማዘዘ የውሃ ጎማ ውስጥ ክር ለመግፋት ሞክሩ። ክሩ ይጨማደዳል እንጂ አይሄድም። በክሩ ፋንታ ሽቦ ብትገፉ ይሄዳል፤ ግን ኩርባው ላይ ግድግዳውን ይወጋል። (መምህር በነበርንበት ጊዜ ይህችን ሙከራ ብናውቃት ኖሮ አንድ ክፍለ ጊዜ በደንብ እናስተምርባት ነበር።) ለመግፋት ጠንካራ፣ ለመታጠፍ ለስላሳ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። መሐንዲሶቹ ይህን የፈቱት አንዱን ቱቦ ከመጨረሻ እስከ ጫፍ በተለያየ ጥንካሬ በመሥራት ነው። በሐኪሙ እጅ በኩል ያለው ደንዳና ነው፤ ወደ ጫፉ እየሄደ ይለሰልሳል። እንዳይጨፈለቅ በግድግዳው ውስጥ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ወይም የተጠላለፈ ቀጭን ሽቦ ይቀበርበታል። ውስጡ እንደ ቴፍሎን ያለ አንሸራታች ነገር ይለበጣል፤ ውጩ ደግሞ ሲረጥብ ይሙለጨለጫል።

እንዲያም ሆኖ የሚያዝበት ቦታ አለ። ወደ ዐይን የሚሄደው ቅርንጫፍ ከሚነሣበት ሥፍራ ላይ ሰፊ ቱቦ በቀጭን ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ ከንፈሩ ጠርዙን ይነክሳል። መፍትሔው በሽቦውና በቱቦው መካከል ያለውን ክፍተት በሌላ ቀጭን ቱቦ መሙላት ወይም ጫፉን በሰያፍ መቁረጥ ሆነ።

መድረሱ ግማሹ ሥራ ነው። መጎተቱ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው መሣሪያ ጫፉ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ሽቦ ነበር፤ ጓሉን ጠልፎ ይጎትታል። ከዚያ በ2012 ኒቲኖል ከሚባል፣ ታጥፎም ወደ ቅርጹ ከሚመለስ ብረት የተሠራ መረብ መጣ። ጓሉ ውስጥ ተዘርግቶ ይይዘዋል። ግን ሽቦ ኩርባ ላይ ሲጎተት መንገዱን ሁሉ ለማቅናት ይታገላል፤ መረቡም ይረዝምና ይጠብባል፤ የያዘውን ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ በክፍል በክፍል የተቆራረጡ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚከፈት መረቦች ተሠሩ። ጓሉ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቀዩ ለስላሳና የሚፈረፈር ነው፣ ነጣ ያለው እንደ ጎማ ይለጠጣል። የፈረፈረው ቁራጭ ወደ ፊት ሄዶ ሌላ ሥር እንዳይዘጋ አንገት ላይ በፊኛ የደሙን ፍሰት ለጊዜው ያቆማሉ።

ሌላው መንገድ በፓምፕ መምጠጥ ነው። እዚህ ስሌቱ ግልጽ ነው፤ የቱቦው አፍ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ የሚይዝበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊ ቱቦ ግን ለመታጠፍ እምቢ ይላል። የዘርፉ ትግል በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ሰው ጠቅሟል ወይ? በ2013 የወጡ ጥናቶች “አልጠቀመም” ብለው ነበር፤ በአብዛኛው በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች የተሠሩ ነበሩ። በአዲሶቹ መረቦች የተሠራውና በ2015 የታተመው የሆላንድ ጥናት 500 ሕሙማንን ተከታተለ። ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩት፣ ጓሉ ከተወጣላቸው 32.6 በመቶ፣ ካልተወጣላቸው 19.1 በመቶ ነበሩ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2025 ጓሉን ከመጎተት ይልቅ በሚሽከረከር ጫፍ እንደ ጥጥ አድበልብሎ የሚያሳንስ መሣሪያ ይፋ ተደርጓል፤ ያኔ የተሞከረው በላቦራቶሪና በእንስሳት ነው።

ሕክምናው በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የሚሰጥ ነው። ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል፤ ከጥቅሙ ግን በየደቂቃው ይቀነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራ፤ ዱዓውም ሩቅያውም መኪናው ውስጥ ይደረጋል። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ “ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት በስንት ሰዓት ነው?” የሚል ነው። በውጭ የምትኖሩ ወንድምና እህቶቻችን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለው ለእነሱ 8 ሰዓት ነው። ከቤት ሳትወጡ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉት።