የሆድ ታላላቅ ደም መልሶች፦ የምስል ምርመራና የስያሜ ጥንቃቄ

በተለምዶ አነጋገር «ደም ሥር» የሚለው ስም ደም የሚመላለስበትን ቧንቧ ሁሉ ያጠቃልላል። በሳይንሳዊ አጠራር ግን ደምን ከልብ የሚያወጣው «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚመልሰው «ደም መልስ» ተብሎ ተለይቷል። ይሁን እንጂ የሆድ ታላላቅ ደም መልሶችን የሚመለከት የራዲዮሎጂ ዘገባ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ይህ ልዩነት ብቻውን አይበቃም።

በመጀመሪያ የአካሉን ስም እንመልከት። ከእግር፣ ከኩላሊትና ከጉበት የሚመጣውን ደም ወደ ልብ የሚያደርሰው ቧንቧ በላቲን «ቬና ካቫ» ይባላል። «ካቫ» ውስጡ ክፍት የሆነ ማለት ነው። ቃል በቃል «ባዶ ደም መልስ» ቢባል ግን አንባቢው ደም የሌለበት ይመስለዋል፤ «ታችኛው ዐቢይ ደም መልስ» የተሻለ ነው። ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ የተሰበሰበውን ደም ወደ ጉበት የሚያስገባው ሌላው ቧንቧ ደግሞ ደሙን በቀጥታ ለልብ አያደርስም። ይህንን «የጉበት በር ደም መልስ» ብንለው በር የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ፖርታ»ም፣ ተግባሩም ይጠበቃሉ።

የመሣሪያውም ስም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ራጅ» እ.ኤ.አ. በ1895 ሮንትገን ያገኘው ጨረር ነው፤ ሲቲ ስካንም የሚሠራው በዚሁ ጨረር ነው። አልትራሳውንድ ግን በድምፅ ሞገድ ይሠራል፤ ዶፕለር በተባለው ስልቱም የደሙን አቅጣጫና ፍጥነት ያሳያል። ኤም አር አይ በመግነጢስ መስክና በራዲዮ ሞገድ ይጠቀማል። ሁሉም «ራጅ» ከተባሉ ነፍሰ ጡር ሴት ጨረር የሌለበትን ምርመራ በከንቱ ልትፈራ ትችላለች።

ከሁሉ የሚከብደው የሚታየውን ነገር መሰየም ነው። በሲቲ ስካን ደም መልሶቹ ጎልተው እንዲታዩ አዮዲን ያለበት አድማቂ ፈሳሽ በክንድ በኩል ይሰጣል። ፈሳሹ ከኩላሊት ቀድሞ ይመለሳል፤ ከእግር የሚመጣው ደም ግን ገና አልደመቀም። ሁለቱ በታችኛው ዐቢይ ደም መልስ ሲገናኙ የረጋ ደም የሚመስል ጠቆር ያለ ቦታ ይፈጠራል፤ ቆየት ብሎ በሚነሣ ምስል ላይ ግን ይጠፋል። ሐኪሙ «ያልደመቀ ቦታ» ያለውን ተርጓሚው «የረጋ ደም» ብሎ ከጻፈው፣ የታየውን ወደ በሽታ ብያኔ ለውጦታል። ይህም ሕመምተኛውን ለማያስፈልገው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ በዚያም ሰበብ ለመድማት ሊያጋልጠው ይችላል።

እንግዲህ የአካሉ ስያሜ ስፍራውንና ተግባሩን፣ የመሣሪያው ስያሜ የሚሠራበትን ኃይል፣ የምስሉ ስያሜ ደግሞ የታየውን ብቻ ይግለጽ። ብያኔው የሐኪሙ ነው።