የ13 ወር ፀሐይና የሕፃናት አጥንት

አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በሳንባ ምች ታመው የመጡ 500 ሕፃናትን መዘገቡ። ለማነጻጸሪያም ሳንባ ምች የሌለባቸውን ሌሎች 500 ሕፃናት ያዙ። ሁሉም ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። ሊያውቁት የፈለጉት ግን ስለ ሳንባቸው ሳይሆን ስለ አጥንታቸው ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ አጥንት የሚያላላው ሪኬትስ ያለበት ስንቱ ነው? ሳንባ ምች ከያዛቸው 210፣ ካልያዛቸው 20 ብቻ ሆነ። የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤቱ መጨናነቅ፣ ጡት የጠቡበት ጊዜ ሁሉ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ1997 ላንሴት በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ስለ ሪኬትስ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የተወላገደ እግር ነው። እግር መወላገዱ ያሳፍር ይሆናል እንጂ አይገድልም ተብሎ ይታለፋል። የአዲስ አበባው ጥናት ይህን ግምት አፈረሰው። ሕፃን ሲያስል አክታውን ገፍቶ የሚያወጣለት የደረቱ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ደግሞ የሚሳበው የጎድን አጥንትን ተደግፎ ነው። አጥንቱ ከላላና ጡንቻው ከዛለ፣ ልጁ አየር በሳበ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሳሉም አቅም ያጣል። ሌላው ልጅ በሳምንት የሚገላገለው ጉንፋን ለዚህኛው የሞት ሽረት ይሆናል።

የሚያውቅ ሐኪም ራጅ ሳያዝ በእጁ ይለየዋል። የልጁን የእጅ አንጓ ይዞ ሲዳብስ ሰፍቶና አብጦ ያገኘዋል። ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ በጣቱ በደረቱ ግራና ቀኝ ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶቹ ከፊት ለፊቱ ልም አጥንት ጋር የሚጋጠሙበት ቦታ ሁሉ ጉብ ጉብ ብሎ እንደ መቁጠሪያ ይቆጠራል። እርግብግቢቱ በጊዜዋ አልገጠመችም፤ ጥርሱ ዘግይቷል። እናትየው የምትናገረው ግን ስለ ጡንቻው ነው፤ “ቆሞ ነበር፣ አሁን እንቢ አለ”፣ “ሲያቅፉት ይልፈሰፈሳል”። አንዳንዱም የደሙ ካልሲየም በጣም ወርዶ እየተንቀጠቀጠ ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ ላይ ካለው ልም አጥንት ሲሆን፣ ይህ ልም አጥንት በካልሲየምና በፎስፈረስ እየጠነከረ ነው ወደ አጥንትነት የሚለወጠው። አንጀት ካልሲየሙን ከምግብ በደንብ እንዲስብ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ዲ ከሌለ ልም አጥንቱ ያድጋል፣ ግን አይጠነክርም። ልጁ መሄድ ሲጀምር የሰውነቱ ክብደት ያጎብጠዋል። ቫይታሚኑ በምግብ ውስጥ እምብዛም የለም፤ በእናት ጡት ወተት ውስጥም በጣም ጥቂት ነው። ዋናው ምንጩ ፀሐይ ያገኘችው ቆዳ ነው።

ይህን ያህል ለማወቅ አውሮፓ መቶ ዓመት ፈጅቶባታል። ፖላንዳዊው ሐኪም ሽኒያዴትስኪ የዋርሶ ከተማ ልጆች በሪኬትስ ሲማቅቁ የገጠሮቹ ደህና መሆናቸውን አስተውሎ ፀሐይ እንደሚያሻቸው የጻፈው በ1822 ነበር፤ የሰማው የለም። በ1919 በርሊን ላይ ሐኪሙ ሁልድቺንስኪ የታመሙ ልጆችን በአልትራቫዮሌት መብራት አዳነ። አንድ ክንድ ብቻ ሲያበራለት የሌላውም ክንድ አጥንት መዳኑን በራጅ አየ፤ መድኃኒቱ በደም የሚዞር ነገር ነው ማለት ነው። ከዚያ የዓሣ ጉበት ዘይቱ፣ ቫይታሚን የተጨመረበት ወተቱ ተከተለ፤ በሽታውም ከአውሮፓ ሰፈሮች በአብዛኛው ተሰናበተ።

ሪኬትስ ፀሐይ የተጋረደባቸው የጭስና የጭጋግ ከተሞች በሽታ ነው ከተባለ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይሠራል? ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የቱሪዝም ኃላፊ የነበረው ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስት መጥሪያ “የ13 ወር ፀሐይ” ያለላት አገር ዋና ከተማ ናት። ይህንኑ መፈክር በ2015 የታተመ የአዳማ ጥናት ርዕሱ ላይ አውጥቶታል። ተመራማሪዎቹ 174 ተማሪዎችን መርምረው 42 በመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አገኙ። ሲከፋፈል፣ ከከተማ ልጆች 61.8 በመቶ፣ ከገጠሮቹ 21.2 በመቶ። ፀሐይዋ አንድ፣ ወረዳው ጎረቤት፣ ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ። ሽኒያዴትስኪ ዋርሶ ላይ ያየው አዳማ ላይ ተደገመ።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ፀሐይዋ ወደ ልጁ ቆዳ ትደርሳለች ወይ የሚለው ነው። አራስ ቤት መጋረጃው ተጋርዶ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚከርመው። ወንዱ እስከ 40፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን ክርስትና ሳይነሱ ከደጅ አይወጡም። ከዚያም በኋላ የሰው ዓይን አለ፣ ብርድ አለ፣ ምች አለ። ልጁ ቢወጣም ኮፍያው፣ ካልሲው፣ ፎጣውና ጋቢው ተደራርበውበት የሚታየው አፍንጫው ነው። ድሮ ይህን የሚያካክስ ግቢ ነበር፤ ልጁ ዳዴ ሲል እዚያው አፈር ላይ ይውላል። አሁን ግን አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ በረንዳው በልብስ ማስጫ ተይዞ፣ ታች ያለው ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ፣ እናት ከወለደች ከ90 ቀን በኋላ ሥራ ገብታ፣ ሞግዚቷ ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ይዛው ትውላለች። በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ ለአጥንት አትሆንም፤ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል።

ጤና ጣቢያው ለዚህ ሁሉ ያለው መልስ አንድ ነው፤ “ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው”። እናቶችም ይታዘዛሉ። ልጁን ቅባት ቀብተው፣ እግራቸው ላይ አጋድመው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ጀርባውን ይሰጧታል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ አይቅር። ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ጥላችን ከቁመታችን በሚረዝምበት ሰዓት የሚፈለገው ጨረር ደካማ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጣው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴም አሉ። ሕፃን ቀትር ላይ ይሰጣ ማለቴ አይደለም። ምክሩ ብቻውን አይበቃም፣ ከዚህም በላይ ጥፋቱን ሁሉ እናት ትከሻ ላይ ይጥላል ማለቴ ነው። ልጁ ሲታመም የመጀመሪያው ጥያቄ “ፀሐይ አላሞቅሽውም?” ይሆናል። የት ሆና እንድታሞቀው ታስቦ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

እናት ራሷም ባዶ ልትሆን ትችላለች። በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት የዲ እጥረት በብዛት እንዳለባቸው፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አሳይቷል። ሕፃን የሚወለደው እናቱ ካካፈለችው ስንቅ ጋር ነው።

ፀሐይ ብቻም አይደለችም፤ በ1999 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት ፀሐይ የጠገቡ፣ ግን ወተት የማያገኙ ልጆች በካልሲየም እጥረት ሪኬትስ እንደሚይዛቸው፣ ብቻውን ከተሰጠ ቫይታሚን ዲ ይልቅም ካልሲየም በተሻለ እንደሚያድናቸው አረጋግጧል። የእኛ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ጤፍ መግዛት የሚችለው ግን ሁሉም ቤተሰብ አይደለም።

በ2016 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ የሕፃናት ሐኪሞች ባወጡት የጋራ ምክር፣ ማንኛውም ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ እስከ አንድ ዓመቱ፣ ጡትም ጠባ ጡጦ፣ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይሰጠው ይላል። ጥቂት ጠብታ ናት። እኛ ዘንድ ለቫይታሚን ኤ መንገድ ተገኝቶለታል፤ በየስድስት ወሩ ልጆች አፋቸውን ከፍተው እንክብሏ ትጨመቅላቸዋለች። ዲ በየቀኑ የሚሰጥ በመሆኑ በዘመቻ አይሆንም፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን እናቲቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለክትባት መምጣቷ አይቀርም። ያኔ ብልቃጧን እጇ ላይ ማድረግ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም አልቃ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ጠብታውን የሚያገኘው በአብዛኛው ወላጁ ከፋርማሲ መግዛት የሚችል ልጅ ነው።

ሪኬትስን በጊዜ ለማግኘትም መንገዱ አለ። መንግሥት በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲገባ መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት አቅዶ ነበር። በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 በመቶ የነበረው መቀንጨር በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። ቁመት መለካት ለምደናል። ልጁን መለኪያው ላይ ሲያስተኙት አንጓውን መዳበስ፣ እግሩን አቃንቶ ማየት ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በጊዜ የተገኘ ሪኬትስ ቢያንስ ለሦስት ወር ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ሲሰጠው ይድናል፤ የጎበጠው እግርም ልጁ እያደገ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይቃናል። ዓመታት ካለፉበት ግን አጥንቱ ተቆርጦ ነው የሚስተካከለው፤ ለዚያ ደግሞ ቤተሰቡ ከገጠር ተነስቶ የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ከተማ መምጣት፣ ማደሪያ መፈለግና ወረፋ መጠበቅ ይኖርበታል።