የአያትህን ጠመንጃ በአሸዋ ወረቀት ከማሸትህ በፊት

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከደባርቅ ፎቶ ላከልኝ። የአያታችን ውጅግራ ነው። ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ፣ ሰደፉን ቫርኒሽ ቀብቶ አብረቅርቆታል። ደስ ብሎት ነው የላከው። እኔ ግን ፎቶውን አስፍቼ ያየሁት ከመዝጊያው ጎን ያለውን ብረት ብቻ ነበር። ውጅግራ ላይ እዚያ የተሠራበት ፋብሪካ ስምና «1874» የሚለው ሞዴል ተቀርጾ ይገኛል፤ ከቱቦው ላይ ደግሞ የተሠራበት ዓመት። አሁን ሁሉም ልሙጥ ሆኗል። ለእሱ በስልክ የነገርኩትን እዚህም እጽፈዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤት ብዙ ነውና።

ይህን ነገር የተማርኩት አገሬ ላይ አይደለም፤ ካርቱም ነው። ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ ካፉሪ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በእንግሊዞች ዘመን እዚያ ሰፊ የእርሻ መሬት ከነበረው ከነጋዴው ዐዚዝ ካፉሪ ነው። በእኔ ጊዜ ግን ትልልቅ ቪላዎች የሞሉበት የባለሥልጣንና የሀብታም ሰፈር ሆኖ ነበር። እኔ እዚያ የአንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ሹፌር ነበርኩ። እኔ «ሐጅ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ያ ወለዲ» ይሉኛል። በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ተምረዋል፤ ከዚያ ያመጡት ፍቅር ደግሞ የድሮ ትናንሽ ጠመንጃ መሰብሰብ ነው። ሁሉም በእጅ ተነስቶ የሚሳብ መዝጊያ ያላቸው፣ ሁሉም «ሃያ ሁለት» የምትባለዋን ጥይት የሚበሉ ናቸው። የበርሚንግሃሙ ቢ.ኤስ.ኤ. ነበረ፤ የቼኮዝሎቫኪያው ብርኖ ነበረ፤ አንድ ረጅም ዘመን ያየ ዊንቸስተርም ነበረ። ሁሉም ፈቃድ አላቸው። ፈቃዶቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ከጠመንጃዎቹ ጋር በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

የዚች ጥይት አሠራር ካልገባ ሌላው አይገባም። በትልቁ ጠመንጃ ጥይት ግርጌ መሃል ላይ ክብ ካፕሱል አለ፤ መርፌው እሱን ሲመታ እሳት ይፈጠርና ባሩዱ ይያያዛል። ሃያ ሁለት ግን ካፕሱል የላትም። የቀለሁ ግርጌ ወደ ውጭ ታጥፎ ጠርዝ ይሠራል፤ እሳት የሚሰጠው ቅመም ያለው በዚያ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ዙሪያውን ነው። መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ያነደዋል። በፈረንጅ አፍ ሪምፋየር የሚሏት በዚህ ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው ፍሎቤር ነው፤ በ1845 እ.ኤ.አ. ገደማ ቤት ውስጥ ለመለማመጃ የሠራት ነበረች። ስሚዝና ዌሰን በ1857 እ.ኤ.አ. አጭሯን ሃያ ሁለት ለሽጉጣቸው አወጡ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚተኩሳት ረጅሟ ደግሞ በ1887 እ.ኤ.አ. በስቲቨንስ ኩባንያ ወጣች። እርሳሷ 2.6 ግራም አካባቢ ብቻ ናት። መርፌው እንዲጨፈልቀው ጠርዙ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ከሆነ ደግሞ ኃይለኛ ባሩድ አይችልም። ስለዚህ ይህ አሠራር በትልልቅ ጥይቶች ላይ ብዙ አልዘለቀም። የተተኮሰችው ቀለህም ዳግመኛ አትሞላም።

ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ግን ሞኝነት ነው። ወደ ላይ ከፍ ብላ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች፤ ሰውም ትገድላለች። ሐጅ ከባሕሪ ወጣ ብሎ በረሃው ላይ ከኋላው የአፈር ጉብታ የሌለው ኢላማ ላይ ሲተኩሱ አላየሁም። እረኛ ከሩቅ ከታየ መዝጊያው ወዲያው ከጠመንጃው ወጥቶ ኪስ ይገባል።

የመዝጊያው ጥቅም ይህ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጠመንጃ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተስቦ ስለሚወጣ፣ ቱቦውን ከግርጌው ወደ አፈሙዙ በዓይን ማየት ይቻላል። ሐጅ አሮጌ ጠመንጃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንን ነበር፦ አፈሙዙ ፊት ነጭ ወረቀት ያስይዙኛል፤ እሳቸው ከኋላ ሆነው ያያሉ። ጠመዝማዛው ቦይ ጥርት ብሎ ከታየ ደህና ነው። ጨለም ያለ ቀለበት ከታየ ቱቦው እዚያ ጋ አብጧል ወይም ተበልቷል። በሁለተኛ ደረጃ መርፌው የጎደጎደው ቦታ እንዳለ ለማወቅ የጥይት ማስገቢያውን ጫፍ በጥፍራቸው ይዳስሳሉ። ሃያ ሁለትን ባዶውን ቃታ መሳብ የማይፈቀደው ለዚህ ነው። የጥይቷ ጠርዝ በሌለበት መርፌው የሚመታው ራሱን የቱቦውን ጠርዝ ነው፤ ሲደጋገም ብረቱን ይጎደጉደዋል። ያኔ ጠርዟ በደንብ ስለማትጨፈለቅ ጠመንጃው መክሸፍ ይጀምራል።

ሦስተኛው የቱቦው ዝገት ነው። የድሮ ጥይት እሳት ሰጪ ቅመም ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲቃጠል ከምግብ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ቱቦው ውስጥ ይተዋል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱን በጥቂት ቀናት ይበላዋል። ዘይት ደግሞ ጨውን አያሟሟም፤ ውሃ ነው የሚያሟሟው። የድሮ ወታደር ከተኩስ በኋላ የፈላ ውሃ ቱቦው ውስጥ ያፈስ የነበረው ለዚህ ነው፤ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት። የማያዝግ ቅመም በስፋት የመጣው ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ነው። አያቶቻችን በዘይት ብቻ የወለወሏቸው ጠመንጃዎች ከላይ አምረው ከውስጥ የተበሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የካርቱም አየር ለብረት ደግ ነው፤ ደረቅ ነው። ለእንጨት ግን ጠላት ነው። በሙቀቱ ወራት ሰደፉ ይኮማተራል፤ ብረትና እንጨት በሚገናኙበት ቦታ ይሰነጠቃል። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ዘይት የበዛበት መዝጊያ አቧራውን ለቅሞ እንደ ሞረድ ራሱን ይበላል። ስለዚህ ዘይቱ ጨርቅ ነክቶ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ስስ መሆን አለበት። ለእንጨቱ እሳቸው የሚቀቡት የተልባ ዘይት ነበር። የድሮ የእንግሊዝ ጦር ሰደፍ በተልባ ዘይት ነበር የሚታሸው፤ ጥቂት ጠብታ በመዳፍ፣ ደጋግሞ፣ በየመሃሉ እያደረቁ። ተልባ በሞላበት አገር ቫርኒሽ መቀባታችን ያሳዝነኛል። ቫርኒሹ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ለማስለቀቅ ሲፋቅ ደግሞ ሰደፉ ላይ የተመታው የፋብሪካ ማኅተምና የባለቤቱ ምልክት አብሮ ይፋቃል።

ስለ ተኩሱ ሳልናገር አልለፍ። መዝጊያውን ታነሳለህ፣ ትስባለህ፣ ትገፋለህ፣ ታወርዳለህ፤ ከዚያ ተንፍሰህ ታነጣጥራለህ። ድምፁ ትንሽ፣ ግፊቱ የለም ማለት ይቻላል። ትከሻህ ስለማይመታ ዓይንህን የምትጨፍንበት ምክንያት የለህም፤ ስትስት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እንግሊዞች በ1899 እ.ኤ.አ. በጀመረው የቦር ጦርነት ደቡብ አፍሪቃ ላይ የገበሬ አልሞ ተኳሾች ካስደነገጧቸው በኋላ ተራው ሕዝብ እንዲለማመድ የፈለጉት በዚች ጥይት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ከጊዜ በኋላ የትንንሽ ጠመንጃ ክበባት ማኅበር የተባለው ተቋቋመ፤ ትልቁ ደጋፊው ሎርድ ሮበርትስ ነበር። ይህ ሰው በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ናፒየር ጦር ጋር ወደ እኛ አገር መጥቶ ዙላ ወደብ ላይ ስንቅና ትጥቅ ሲያስተባብር የነበረ መኮንን ነው። ቢ.ኤስ.ኤ. እነዚያን ለክበብ የሚሆኑ ርካሽ ጠመንጃዎች በብዛት ሠራ፤ ልማዱም እስከ ሐጅ ተማሪነት ዘመን ዘለቀ። ይህን ታሪክ የነገሩኝ የቢ.ኤስ.ኤ.ውን ማኅተም በአጉሊ መነጽር እያሳዩኝ ነው።

በአሠራሩ ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን እጃቸው ላይ ያልነበረው ነው፤ የስዊዘርላንዱ ቬተርሊ። የ1869 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሲሆን በእጅ የሚሳብ መዝጊያ አለው፤ ከቱቦው ሥር ባለ ካዝና ከአስር በላይ ጥይት ይጎርሳል፤ ጥይቷ ደግሞ 10.4 ሚሊ ሜትር ሆና እሳቷ ጠርዟ ውስጥ ነው። የሃያ ሁለት ታላቅ እህት ማለት ናት። ጣልያኖች ይህንኑ ወስደው በ1870 እ.ኤ.አ. እሳቱን ወደ መሃል አዛወሩት፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ደግሞ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ጨመሩበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ወታደሮች አድዋ ላይ የያዙት ይህንን ነው። አዲሱ የ1891 ሞዴል ጠመንጃ እያለ በአሮጌው የዘመቱት የተከማቸውን የቬተርሊ ጥይት ለመጨረስ ነበር ይባላል። በዚያ ቀን ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በእኛ እጅ ገባ። ስለዚህ ዛሬ በሸዋ ወይም በጎጃም አንድ ቤት የተሰቀለ ቬተርሊ፣ የጣልያን ፋብሪካ ስምና ዓመት ካለበት፣ ምናልባት የዚያ ቀን ምስክር ነው። ስሙ ከተፋቀ ግን አሮጌ ብረት ነው። የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

ሌላም አለ። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ሲሸነፉ ረሚንግተን ጠመንጃቸውን ጥለው ሄዱ። በ1883 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሱዳን ውስጥ ሸይካን ላይ በእንግሊዛዊው ሂክስ የሚመራው የግብጽ ጦር ሲያልቅ ያው ዓይነት ጠመንጃ በማህዲስቶች፣ በሱዳን ደርቡሾች፣ እጅ ገባ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ ሲወድቁ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ጦር የማረኩትን አንድ ዓይነት ጠመንጃ ይዘው ነበር። የግብጽ ረሚንግተን በላዩ የዐረብኛ ምልክት አለው። ይህን ስነግራቸው ሐጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ የእሳቸውም ቅድመ አያት መተማ እንደነበሩ ነገሩኝ።

ሐጅ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ደብተር ላይ ገጽ ነበራቸው። የፋብሪካው ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ እያንዳንዱ ማኅተም በእርሳስ ተሥሎ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ምን እንደተጠገነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ካፉሪ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀች፤ እስከ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማም እዚያው ቆየች። እኔ በመተማ ወጣሁ፤ እሳቸው ወደ ካይሮ ሄዱ። ቤቱ ተዘርፏል፤ የብረት ሳጥኑ ተሰብሯል። ደብተሩን ግን ከልብሳቸው ጋር ይዘውት ወጥተዋል። ጠመንጃዎቹ አንድ ቀን አንድ ቦታ ብቅ ቢሉ የእሳቸው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ እሱ ብቻ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ሁኔታ ያሳስበኛል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ የጣልያን ካርካኖ፣ በብዛት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። እዚያ ያሉ ሰዎች በአጉሊ መነጽር የአንበሳውን ማኅተም ይፈልጋሉ፤ ካገኙት ዋጋው ይጨምራል። ከቤልጅግ ፋብሪካ ለአገራችን የተሠሩት ላይ የይሁዳ አንበሳና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምልክት አለ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያን ሲያነብ፣ እኛ ደባርቅ ላይ በአሸዋ ወረቀት እናጠፋዋለን። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን ከመንካታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት አረጋግጡ፤ መዝጊያውን ክፈቱ፣ በዓይንም በጣትም እዩ። ፈቃዱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሟላ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ካልሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ከዚያ በጠዋት ወይም በማታ ብርሃን፣ ፀሐዩ ከጎን ሲመጣ፣ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ለመነበብ ያስቸገረውን ስስ ወረቀት አስቀምጣችሁ በእርሳስ አሹበት። ሰደፉ ላይ የተቆረጠ መስመር፣ የተቸነከረ ቆርቆሮ፣ የመስቀል ምልክት ካለ እሱንም። አያት ወይም አባት በሕይወት ካሉ ከማን እንዳገኙት፣ በየትኛው ዘመቻ እንደያዙት ጠይቁና በእሳቸው አነጋገር ጻፉት። ዝገቱን በዘይት በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አንሱ፤ የቀረው ይቅር። ወደ ቡናማ የተለወጠው ቀለም የብረቱ ቆዳ ነው፤ አይጎዳውም። አሮጌ ጠመንጃን ደግሞ ብረት የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው አትተኩሱበት፤ መቶ ዓመት ያለፈው መዝጊያ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የማኅተሙን ፎቶ በውስጥ መስመር ለላከልኝ የማውቀውን እመልሳለሁ። መለያ ቁጥሩን ግን ሸፍናችሁ ላኩ፤ አስተያየት መስጫው ላይም አትለጥፉት።